ዜሮ ቁጥር የጦና ነው

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አሮን ነኝ።

ከጽሑፉ በላይ ሌላ ስም ካያችሁ... እሱን አትመኑ። ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ተረት የሚፈልግ ሰው እዚህ ጋ ያቁም። ይሄ እኔው ላይ የደረሰ ነው። የሆነውም በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ወላጆቼ ሳሎን ውስጥ ነው። ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራት አልጠፋም። ከአጥሩ ውጭ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ።

ሁሉም ነገር በቦታው ነበር።

ከእኔ በስተቀር...

ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ወንድሜ ጦና የሞተው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አስራ አንድ ዓመቱ ነበር አሉ። ክረምቱን ተበላ በምትባል ከተማ ያሉ አያቶቻችን ጋ ሄዶ ከቆላው ወባ ይዞ ተመለሰ። ሳምንት አልቆየም።

አላየሁትም። ድምፁንም አልሰማሁም። ግን በሕይወቴ እንደ እሱ የቀናሁበት ሰው የለም።

ሞቶም ይበልጠኝ ነበር።

ከክፍሌ አንደኛ ስወጣ አባቴ ካርዴን አገላብጦ ያይና፣ «ጦና ቢኖር ኖሮ...» ይላል። ጨርሶት አያውቅም። ውጭ አገር የመማር ዕድል ያገኘሁ ቀን ጎረቤቱ እልል ሲል አባቴ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ቀረብ ብዬ ሰማሁት።

«ጦና ቢኖር ኖሮ...»

በእኛ አገር ባይራ የሚባል አለ። ባይራ ማለት በኩር ነው፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ። ባይራ ሳይቀድም ታናሽ አይቀድምም። እኛ ቤት ደግሞ ባይራው ከሞተም በኋላ ቦታው አልተነካም። የጓሮው በቆሎ እሸት ሲያፈራ እናቴ ጥሩነሽ የመጀመሪያዋን ጠብሳ በእንሰት ቅጠል ላይ ታስቀምጣለች። ለጦና። ቀዝቅዛ እስክትደርቅ ማንም አይነካትም። ከዚያ ነው የእኔ ተራ።

እናቴ ጴንጤ ናት። ጥንቆላ፣ ጨሌ፣ ምናምን ስሙን እንኳ መስማት አትፈልግም። እንዲህ የምታደርገው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ግን መልሷ አንድ ነው።

«አምልኮ አይደለም፣ ወረፋ ነው።»

አባቴ ኤርካሎ መምህር ነበር። በወጣትነቱ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ የቤት ኮምፒውተሩን ትቶለት ሄደ። ዛሬ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ውፍረቱ መጽሐፍ ያህላል። ቁልፎቹ እንደ ላጲስ ይለሰልሳሉ። ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሚያያዘው። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በሙዚቃ ካሴት ላይ ነው። ቴፑ ሲጫወት ማሽኑ እየሰማ ይጭናል... እንደ ፌንጣ መንጋ የሚጮህ ድምፅ።

ጦና በዚያ ማሽን ገበጣ ሠራ። እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ድምፅ ያለው፣ ሁለት ሰው ተራ በተራ የሚጫወተው ገበጣ። አባቴ ስለዚያ ገበጣ ሲያወራ ነው ያደግኩት።

ጦና ሲሞት ማሽኑ በካርቶን ታሽጎ አልጋ ሥር ገባ። ልጅ ሆኜ እጄን ወደ ካርቶኑ ስዘረጋ ሁለቱም በአንድ አፍ ነበር የሚናገሩት።

«የጦና ነው!»

የሄድኩት ሃንጋሪ፣ ደብረፀን ወደምትባል ከተማ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ፣ እዚያው ሥራ ያዝኩ። እዚያ እንዲህ ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን የሚወዱ ሰዎች አሉ። በካሴት ፋንታ የጥፍር መጠን ያላት ሚሞሪ ካርድ የምትሰካበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይሠሩላቸዋል። እኔም አንድ ሰሌዳ መሥራት ጀመርኩ። ሰሌዳው ብቻውን አይበቃም። ድራይቨር ይፈልጋል፤ ማለትም ለማሽኑ «ካርዷን እንዲህ አድርገህ አናግራት» ብሎ የሚያስተምር ትንሽ ፕሮግራም።

ጓደኞቼ ለመዝናኛ ነበር የሚሠሩት።

እኔ የምሠራው ለአንድ ሰው ነበር።

የአባቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ሳይመሽበት አንድ ነገር ፈለግኩ። ያ ማሽን በእጄ ሥራ እንዲነሳና አባቴ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «አሮን፣ ልጄ» እንዲል። ጦና ሳይል። አንድ ጊዜ ብቻ።

ለዚህ ብዬ ነው ሥራዬን ትቼ የመጣሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ ሌላ ምክንያት ነው የምሰጠው።

እናቴ እየሳቀች ተቀበለችኝ። «መጣህልኝ! 'ደብረፀን ነው ያለው' ባልኩ ቁጥር የማኅበረ ምእመኑ ሰው ሁሉ 'ልጅሽ ገዳም ገባ ወይ?' እያለ ጨርሶኝ ነበር።»

ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ስጎትት ግን ሳቋ ጠፋ።

«ተወው።»

«እማዬ፣ ላድሰው ነው።»

«ተወው አልኩህ።»

አባቴ ከሶፋው ላይ ሰምቶናል።

«ይክፈተው» አለ። ትንሽ ቆይቶም ጨመረበት። «ቦታውን ብቻ እንዳያበላሽበት።»

ያኔ አልገባኝም።

ሄኖክን ጠራሁት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን የተማርን ነን። አሁን ቴሌቪዥንና ዲሽ ይጠግናል። ያበጡትን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ዕቃዎች፣ አብረን ቀየርን። ማሽኑ ተነሳ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሰሌዳዬን ሰካሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑ ሲነሳ የተሰኩትን ዕቃዎች በተራ ይጠራል። መጀመሪያ ዜሮ ቁጥርን፣ ቀጥሎ አንድ ቁጥርን። ዜሮን ሳይጠራ ወደ አንድ አያልፍም። እኔ ለካርዴ የሰጠሁት ዜሮን ነው። በስሜም ጠራኋት... አሮን።

ደብረፀን እያለሁ እንደዚሁ አድርጌያት በሌላ ማሽን ሠርታለች።

ማሽኑን አበራሁት። በነጩ ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ወጣ።

ዜሮ ተይዟል።

«ምን ያዘው?» አለ ሄኖክ።

«ምንም። ሌላ የተሰካ የለም።»

«ታዲያ ማን ያዘው?»

«ሄኖክ...»

«እ?»

«ይሄን መልእክት እኔ አልጻፍኩትም። የእኔ ድራይቨር የሚያውቀው 'ዝግጁ' እና 'ዝግጁ አይደለም' የሚለውን ብቻ ነው።»

ሳቀብኝ። «ቢራ ይዘህ ስትጽፍ የገባ ይሆናል፣ ዶክተር።» ዶክተር የሚለኝ ለማብሸቅ ነው። ዶክተር አይደለሁም።

ድራይቨሩን መስመር በመስመር ፈተሽኩ። የማሽኑን የራሱን ሚሞሪ ገልብጬ ፈተሽኩ። ቃሉ የትም የለም። እኔ ከልጅነቴ ተጠራጣሪ ነኝ። የራሴን ብየዳ እንኳ አላምንም። ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ሰካሁት።

ዜሮ ተይዟል።

ከማሽኑ ጎን የጦና ቴፕ ተቀምጧል። መብራት አልሰጠሁትም፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ከላዩ ላይ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት የማጫወቻ ቁልፉ ወደ ታች ተጭኖ አገኘዋለሁ። አነሳዋለሁ። በማግሥቱ እንደገና...

«አባትህ እየነካካ ይሆናል» አለ ሄኖክ።

ይሆናል አልኩ።

በዚያው ሰሞን የጓሮው እሸት ደረሰ። እናቴ የመጀመሪያዋን ጠብሳ በቅጠሉ ላይ አስቀመጠችና መደርደሪያው ላይ ሰቀለቻት። እኔ የተማርኩ ሰው፣ ጢሜ መሸበት የጀመረ ሰው... እንደ ልጅ ቁጭ ብዬ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅኩ።

«እማዬ፣ እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«ወረፋው።»

«ያዡ አልለቀቀም። እኔ ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በንዴት ነው፣ በጥበብ አይደለም። ላፕቶፔን ከፈትኩና ካርዴን ወደ አንድ ቁጥር ዝቅ አደረግኳት። ዜሮን ባዶ ተውኩት። ባዶው ቦታ ላይ ስም ጻፍኩበት... ጦና። ይኸውልህ፣ ብላ፣ አልኩ በሆዴ።

ማሽኑን አበራሁት።

ዜሮ ላይ ቆመ። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከዚያ አለፈ። ካርዴን አገኛት። ሁሉም ነገር ሠራ!

እየጮህኩ አባቴን ይዤው መጣሁ። የጦናን ካሴት በሄኖክ ቴፕ አጫውቼ ወደ ካርዷ ገልብጬ ነበር። ድሮ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚፈጀው ገበጣ በዓይን ጥቅሻ ተጫነ። ድምፁ ሳሎኑን ሞላው... ቲን፣ ቶን፣ ቲን።

የአባቴ ፊት ተለወጠ። እጁን ዘረጋ።

ራሴ ላይ ሊጭን መስሎኝ ጎንበስ አልኩለት።

እጁ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ሄደ። ቁልፎቹ ላይ አረፈ።

«ጦና» አለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ አንድ ጉድጓድ መረጠ። ጠጠሮቹ እየጮሁ ተበተኑ። ገበጣው ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው፤ ማሽኑ በራሱ አይጫወትም። የሌላኛውን ወገን ልጫወትለት ጣቴን ዘረጋሁ።

ሳልነካው ጠጠሮቹ ተነሡ።

«ቀስ!» አለ አባቴ እጄን መትቶ። «ተራው የሱ ነው።»

ሄኖክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ከቁልፎቹ ሥር ያለው ላስቲክ አርጅቷል። በራሱ ይነካካል።»

«እሱ ነው» አልኩ። «እሱ ነው።»

ግን ያረጀ ላስቲክ ገበጣ አያሸንፍም።

አባቴን በተከታታይ አሸነፈው። አባቴ በተሸነፈ ቁጥር ደግሞ እንደ ሕፃን ይስቃል። «ሌባ! ሰማሁህ እኮ! ሁለት ጠጠር ሰርቀሃል!» ይላል።

ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ገመድ ሆንኩ። የኤሌክትሪክ ገመድ። ጠዋት ሲነሳ «አብራልኝ» ይላል። ማታ «አጥፋልኝ» ይላል። በመሃል የሚያወራው ከስክሪኑ ጋር ነው። ዲምቱ የምትባል ቦታ ሲያስተምር በጎርፍ የተወሰደችበትን በቅሎ፣ እናቴን ለመጠየቅ ሽማግሌ የላከ ዕለት እንዴት እንደተንቀጠቀጠ... ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ሁሉ። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ እሰርቃለሁ። የራሴን አባት ታሪክ ቆሜ እሰርቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ማሽኑ ሲነሳ ዜሮ ላይ የሚቆምበት ጊዜ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ ይጠብቅ ነበር። ኋላ ኋላ ወዲያው ነው የሚያልፈው።

መልስ እንዳገኘ...

ያቺ ቀን መጣች። ጎረቤት ለቅሶ ነበር። እናቴ ጃንጥላዋን ይዛ አባቴን እየጠበቀች ነው። እጁን ያዝኩት።

«አባባ፣ ስትመለስ ከእኔ ጋር አንድ ዙር እንጫወት?»

«አንተ በኋላ።»

«በኋላ መቼ ነው?»

ሞራ የጋረደው ዓይኑ በእኔ በኩል አልፎ ወደ ማሽኑ ሄደ።

«ታናሽ አይቸኩልም» አለ።

ወጡ። ዝናቡ ጀመረ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይላል።

ፈራሁ ብል ዋሽቻለሁ። ቀንቼ ነበር። ይህን ሰሌዳ የሠራሁት እኔ! እያንዳንዷን እግር የበየድኩት እኔ! በበረዶ አገር ስንት ቅዳሜና እሑድ የበላብኝ ድራይቨር የእኔ! እሱ ምን ሠራ? ሞተ። ሌላ ምን ሠራ?

ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ጦና» የሚለውን ከዜሮ ላይ አጠፋሁት። «አሮን» ብዬ ጻፍኩ። ካርዷን ከአንድ ወደ ዜሮ መልሼ ሰካኋት። ማሽኑን አበራሁት።

ዜሮ ላይ ቆመ።

ረጅም ጊዜ ቆመ።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሌላ ያልጻፍኩት መስመር ወጣ።

ላስለቅቀው?

ከሥሩ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። አዎ ወይም አይ እስክል ይጠብቃል።

ማሽኑን ማጥፋት እችል ነበር። ገመዱን መንቀል እችል ነበር።

አዎ አልኩ።

ጠቅ!

ተወርውሬ ዞርኩ። ያን ዕለት ጠዋት ሳላነሳው የተውኩት የቴፑ የማጫወቻ ቁልፍ ወደ ላይ ተነሥቷል። ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው።

ከዚያ የአባቴ ሶፋ ስፕሪንግ ጮኸ። ሰው ተቀምጦበት ሲነሳ የሚጮኸውን ጩኸት።

ሶፋው ላይ ማንም የለም።

ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ። ሁለት መስመር ወጥቷል።

ዜሮ ዝግጁ።

አንድ ዝግጁ።

ዜሮ የእኔ ካርድ ናት። እሺ።

አንድ ላይ ግን... ምንም አልሰካሁም።

የግቢው በር ተንኳኳ። ወላጆቼ ናቸው። ተመስገን ብዬ ከፈትኩ። እናቴ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

«አንተ ጦና! ልብሱን ከገመድ አላነሳህም እንዴ? ዝናብ ሲመታው ቁጭ ብለህ ታያለህ?»

አፏ ስቶ ነው አልኩ። እናት የልጆቿን ስም ታምታታለች።

አባቴ ግን ዱላውን ጣለ። በሁለት እጁ ወደ እኔ መጣ። ፊቴን ዳሰሰ። ከዚያ ሁለቱንም እጁን ራሴ ላይ ጫነ።

«ታ ባይራው» አለ በወላይትኛ። የኔ በኩር።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት እጅ ነው። ይከብዳል። ይሞቃል። አልደብቃችሁም... አላረምኩትም። ጣፈጠኝ።

«አንድ ዙር እንጫወት?» አለኝ።

«አባባ...»

«ወይ።»

«እኔ እኮ አሮን ነኝ።»

እጆቹ ራሴ ላይ ደረቁ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ምን ነካህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ስሙን ለምን ታነሳለህ? አባትህን ልትገለው ነው?»

«የማንን ስም?»

«የታናሽህን!»

«እማዬ... እዪኝ። አሮን እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ደህና አድርጋ አየችኝ። እናቴ ዓይኗም ልቧም ደህና ነው፤ የሰንበት ትምህርት ልጆቿን ስም ሁሉ በቃሏ ነው የምትጠራው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ጉንጬን ዳበሰችው።

«እኛንም ይናፍቀናል፣ ልጄ» አለች።

ወደ በረንዳ ወጣሁ። ለሄኖክ ደወልኩ።

«ሄኖክ! ቶሎ ና።»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ!»

«ውይ! ጋሽ ጦና! ይቅርታ፣ ዝናቡ ነው ድምፅ የሚቆራርጠው። ምነው፣ ማሽኑ እምቢ አለ?»

ጋሽ አለኝ። ሄኖክ በሕይወቱ ጋሽ ብሎኝ አያውቅም። እኩያዬ ነው።

«ሄኖክ... አሮንን ታውቀዋለህ?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«አንደኛ ክፍል አብሮኝ የነበረው? ወንድምህ?»

«አዎ።»

«ነፍሱን ይማር፣ ጋሽ። እንዴት እረሳዋለሁ? የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ስንስቅበት ነበር እኮ... አልበቀሉለትም። ምነው ዛሬ አነሳኸው?»

ስልኩን ዘጋሁት። የስልኩ ስክሪን ላይ የገዛ አካውንቴን ስም አየሁ። ይህን ጽሑፍ የምልክላችሁ ከሱ ላይ ነው። ጦና እንደሚል እናንተም እያያችሁት ነው።

ሮጬ ገባሁ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሁሉንም መለስኩት። ዜሮን ለጦና ሰጠሁት። ካርዴን ወደ አንድ አወረድኳት። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት።

ዜሮ ተይዟል።

አንድም ተይዟል።

«ጦና!» እናቴ ከጓዳ ጠራችኝ። የተጠበሰ እሸት ይሸታል። ሁለት እሸት ይዛ መጣች። አንዷን በእንሰት ቅጠል ላይ አጋድማ መደርደሪያው ላይ ሰቀለቻት።

«ያቺ የአሮን ናት። እንዳትነካት።»

ሌላዋን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ታቃጥላለች። በሕይወቴ ትኩስ እሸት ከሁሉ በፊት እጄ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

«ብላ» አለችኝ።

«አልራበኝም።»

«አንተ ሳትቀምስ ማን ይቀምሳል? ብላ እንጂ።»

እጄ ወደ አፌ ሄደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ነከስኩ። ጣፋጭ ነበር።

ቲን፣ ቶን፣ ቲን...

ገበጣው ማንም ሳይነካው ተጫነ። የመጀመሪያው ተራ የታላቅ ነው። ጠቋሚው ከእኔ በኩል ቆሞ ብልጭ ድርግም ይላል።

አባቴ ሶፋው ላይ ነው። ፊቱ ወደ ማሽኑ ሳይሆን ከጎኔ ወዳለው ባዶ በርጩማ ዞሯል። ፈገግ ብሏል።

«ተጫወት እንጂ፣ ጦና» አለኝ። «ልጁ እየጠበቀህ ነው።»

ከበርጩማው ዓይኔን ነቅዬ ወደ መደርደሪያው አየሁ።

ቅጠሉ እንደተነጠፈ ነው። እሸቷ አሁንም ትጨሳለች። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ተግጣለች... በጥቃቅን ጥርሶች። በእያንዳንዱ ንክሻ መሃል ላይ፣ የፊት ጥርስ ሊያርፍበት በሚገባው ቦታ፣ ያልተነካ የፍሬ መስመር ቀርቷል።